ዘንዶው ከገባ በኋላ

በ2005 መገባደጃ ላይ አንድ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞረ። በአሜሪካ ፍሎሪዳ፣ ኤቨርግሌድስ በሚባለው ሰፊ ረግረጋማ ምድር፣ አራት ሜትር ገደማ የሚረዝም ዘንዶ ሆዱ ተቀዶ ውኃ ላይ ተጋድሟል። ከተቀደደው ሆዱ ሁለት ሜትር የሚጠጋ አዞ ኋለኛ እግሩና ጅራቱ ወጥቶ ይታያል። ዘንዶው አዞውን ውጦ፣ ሁለቱም አብረው ሞተዋል። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አዞው የአገሩ ልጅ ነው። ዘንዶው ግን እንግዳ ነው። የዘሩ አገር ደቡብ ምሥራቅ እስያ ሲሆን ስሙም የበርማ ዘንዶ ነው። ከዚያ እስከ ፍሎሪዳ በደረቱ እየተሳበ አልመጣም። ቅድመ አያቶቹ በሳጥን ታሽገው፣ በቤት ውስጥ ለማሳደግ ለሚፈልጉ ሰዎች ሊሸጡ፣ በሕጋዊ ንግድ የገቡ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ከምክር ቤት እስከ ፍርድ ቤት ሲንከባለል ኖሯል። እንዲህ ያሉ ትልልቅ እባቦች ከውጭ እንዳይገቡ ይከልከሉ ወይስ አይከልከሉ? ላይ ላዩን ሲታይ የእባብ ጉዳይ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ጥያቄው የማስረዳት ሸክም ነው። ሻጩ “ይህ እንስሳ አይጎዳም” ብሎ ያስረዳ ወይስ መንግሥት “ይጎዳል” ብሎ ያስረዳ? የአሜሪካ ሕግ ከመቶ ዓመት በላይ ሸክሙን መንግሥት ላይ ጥሎ ኖሯል። መንግሥት ማስረጃውን እስኪሰበስብ ደግሞ እንስሳው ጊዜ አይሰጥም።

ነገሩ የሚጀምረው ከወፍ ነው። በ1890 ዩጂን ሺፈሊን የተባለ የኒው ዮርክ ሰው ስታርሊንግ የሚባሉ ስልሳ ገደማ የአውሮፓ ወፎችን በሴንትራል ፓርክ ለቀቀ። ሰውየው ክፋት አልነበረውም። የባዕድ አገር ዕፅዋትና እንስሳትን አምጥቶ ማላመድ እንደ በጎ ሥራ በሚታይበት ዘመን የኖረ፣ ለዚሁ በተቋቋመ ማኅበር ውስጥም የሚሠራ ሰው ነበር። ወፎቹ ተባዙ፤ የገበሬ ሰብልም ያወድሙ ጀመር። በ1900 የአዮዋው እንደራሴ ጆን ሌሲ ያረቀቀውን ሕግ ፕሬዚዳንት ማኪንሊ ፈረሙበት። የሌሲ ሕግ ዋና ዓላማ በሕገ ወጥ መንገድ የታደኑ እንስሳት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይነገዱ መከልከል ነበር። እግረ መንገዱን ግን አንዳንድ እንስሳት ከውጭ እንዳይገቡ አገደ። ከእነዚህ መካከል ስታርሊንግ በስሙ ተጠቅሷል። በሴንትራል ፓርክ ከተለቀቀ ያኔ አሥር ዓመት ሆኖታል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ይኸው ነው።

ሕጉ ያን ጊዜ የያዘው ቅርጽ እስከ ዛሬ አልለቀቀውም። አሠራሩ ጥቁር መዝገብ ነው። ጎጂ ተብሎ መዝገብ ላይ የሰፈረ እንስሳ አይገባም፤ ያልሰፈረ ሁሉ በዚህ ሕግ አይያዝም። እያንዳንዱን ዝርያ መዝገብ ላይ ለማስፈር ደግሞ ጥናት፣ የሕዝብ አስተያየት መቀበያ ጊዜ፣ የኢኮኖሚ ግምገማ ያስፈልጋል። ዓመታት ይፈጃል።

ከሁሉ የከፋውን ዋጋ የከፈለችው በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለችው የአሜሪካ ግዛት ጉዋም ናት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ቡናማው የዛፍ እባብ በጭነት ውስጥ ተደብቆ ደሴቲቱ ላይ ወረደ። ይህኛው ለቤት የተገዛ አልነበረም። የደሴቲቱ ወፎች ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ሌሊት የሚያድን እባብ አያውቁም ነበር። ጫካው ከዓመት ዓመት ጸጥ እያለ ሲሄድ አንዳንዱ በፀረ ተባይ መድኃኒት፣ ሌላው በበሽታ አሳበበ። ጁሊ ሳቪጅ የተባለች ተመራማሪ ጥፋተኛው እባቡ መሆኑን በ1980ዎቹ ስታረጋግጥ አብዛኞቹ የጫካ ወፎች ከደሴቲቱ ጠፍተው ነበር። እባቡ በጎጂነት መዝገብ ላይ የሰፈረው በ1990 ነው። ጉዋም በዚህ ታሪክ ውስጥ ተመልሳ ትመጣለች።

አሁን ወደ ዋናው አገር። ከ1970ዎቹ ወዲህ በአሜሪካ እባብ ማሳደግ የጥቂት ሰዎች ልማድ መሆኑ ቀርቶ ትልቅ ገበያ ሆነ። ከ1996 እስከ 2006 ባሉት ዓመታት ብቻ ወደ 99,000 የሚጠጉ የበርማ ዘንዶዎች ከውጭ ገብተዋል። ዘንዶ ከእናቱ እንቁላል ሲወጣ ግማሽ ሜትር ገደማ ነው፤ እጅ ላይ ይጠመጠማል፣ ያምራል፣ አይነክስም ማለት ይቻላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ግን ከሦስት ሜትር ያልፋል። አይጥ ሲበላ የነበረው ጥንቸል ይፈልጋል። የመስታወት ሳጥኑ ይጠበዋል። ባለቤቱ ልጅ ይወልዳል፣ ቤት ይቀይራል፣ ይሰለቻል። መካነ አራዊት ሞልቷል አይቀበልም። ያኔ አንዳንዱ በሌሊት መኪናውን አስነስቶ ረግረጉ ዳር ይሄዳል። ሰዎቹ ጨካኞች አልነበሩም፤ ምናልባትም ከመግደል መልቀቅ ይሻላል ብለው ራርተው ነው።

በኤቨርግሌድስ የመጀመሪያው የበርማ ዘንዶ በ1979 ታይቷል። እየተራባ መሆኑን ሳይንቲስቶች የተቀበሉት ግን በ2000 ነው። ጥፋቱ የማን ነው የሚለው ክርክር እዚህ ላይ ይነሳል። በኦገስት 1992 አንድሩ የተባለው አውሎ ነፋስ የሆምስቴድን ከተማ ሲያፈራርስ የአንድ እባብ አስመጪ ማራቢያም አብሮ ፈርሷል። ነጋዴዎች ይህን ታሪክ ይወዱታል፤ ጥፋቱን ከገዢውም ከሻጩም አንስቶ ነፋስ ላይ ይጥለዋልና። ይሁንና ከማዕበሉ በፊትም በፓርኩ ደቡባዊ ጫፍ፣ ከሆምስቴድ ርቆ፣ ዘንዶዎች ይገኙ ነበር። ማዕበሉ ቁጥራቸውን ጨምሮ ሊሆን ይችላል፤ አልጀመራቸውም።

በ2006 የደቡብ ፍሎሪዳ የውኃ አስተዳደር መሥሪያ ቤት የበርማ ዘንዶ በሌሲ ሕግ መዝገብ ላይ እንዲሰፍር ለፌዴራሉ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት አመለከተ። አመልካቹ የተፈጥሮ ተቆርቋሪ ማኅበር አለመሆኑን ልብ ይሏል። ቦይና ግድብ የሚቆጣጠር፣ ሠራተኞቹ ግድብ ላይ ዘንዶ እየረገጡ የተቸገሩ መሥሪያ ቤት ነው። መልሱ ስድስት ዓመት ፈጀ።

በስድስቱ ዓመታት ውስጥ የሆነው ነገር ነው የዚህ ታሪክ እምብርት።

በጃንዋሪ 2009 ማዴሊን ቦርዳሎ የምክር ቤት ረቂቅ 669 የተባለውን አቀረቡ። ወይዘሮዋ የጉዋም ተወካይ ነበሩ። በምክር ቤቱ ረቂቅ ማቅረብ ይችላሉ፣ በመጨረሻው ድምፅ ላይ ግን እጅ ማውጣት አይችሉም፤ ጉዋም ክፍለ ግዛት አይደለችምና። ወፎቿ ያለቁባት ደሴት ተወካይ ያቀረቡት ሐሳብ መዝገቡን መገልበጥ ነበር። እንስሳት አስቀድመው ይመርመሩ፤ ጉዳት የለባቸውም የተባሉት ብቻ በነጭ መዝገብ ይስፈሩና ይግቡ፤ ሌላው ይቅር። የማስረዳት ሸክሙ ከመንግሥት ትከሻ ወርዶ አስመጪው ላይ ሊጫን ነው።

ተቃውሞው እንደ ጎርፍ መጣ። እባብ አርቢዎች ብቻ ሳይሆኑ የዓሣ፣ የወፍና የእንሽላሊት ባለቤቶች ሁሉ ለእንደራሴዎቻቸው ጻፉ፣ ደወሉ። ፍርሃታቸው መሠረት አልባ አልነበረም። በሺዎች የሚቆጠሩ ዝርያዎችን ማን ይመረምራል? ምርመራው እስኪያልቅ ቤት ውስጥ ያለው በቀቀን ምን ሊሆን ነው? ረቂቁ በኤፕሪል በንዑስ ኮሚቴ ከተሰማ በኋላ እዚያው ቀረ። ከዚህ ሁሉ ክርክር ውስጥ የችግሩን ሥር የነካ ሐሳብ ይህ ነበር፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ሞተ።

በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ በመካከለኛው ፍሎሪዳ በአንድ ቤት ውስጥ ከማስቀመጫው ያመለጠ የበርማ ዘንዶ የሁለት ዓመት ሕፃን አልጋዋ ላይ ገደለ። ክፍለ ግዛቱ ለእንዲህ ያሉ እባቦች ፈቃድ ማውጣትን ግዴታ አድርጎ ነበር፤ የዚያ ቤት ሰዎች ፈቃድ አልነበራቸውም። አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ለወፍና ለጥንቸል ያልተነቃነቀው ክርክር ለሕፃኗ ተነቃነቀ።

ከዚያ የሳይንሱ ጠብ ቀጠለ። የፌዴራሉ የጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ተመራማሪዎች በ2008 የዘንዶውን የትውልድ አገር አየር ጠባይ ከአሜሪካ ጋር አስተያይተው፣ ከአገሪቱ አንድ ሦስተኛው ለእሱ ሊስማማ እንደሚችል የሚያሳይ ካርታ አወጡ። በዚያው ዓመት ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ ስሌት ሠርተው፣ የሚስማማው ደቡብ ፍሎሪዳና የቴክሳስ ደቡባዊ ጫፍ ብቻ ነው አሉ። በጃንዋሪ 2010 ብርቱ ብርድ ፍሎሪዳ ላይ ወረደ። የሬዲዮ ምልክት ተደርጎባቸው ሲከታተሏቸው ከነበሩ አሥር ዘንዶዎች ዘጠኙ ሞቱ። አርቢዎቹ “አላልናችሁም?” አሉ፤ ችግሩ የአንድ ክፍለ ግዛት ጥግ ከሆነ መላው አገር ለምን ይታገዳል? ሌላው ወገን ደግሞ የተረፉት ብርድ የሚችሉት ናቸው፣ የሚራቡትም እነሱ ናቸው አለ። እውነቱን ለመናገር፣ በካርታው ጉዳይ አርቢዎቹ ሊናቅ የማይገባ ነጥብ ነበራቸው። ግን ኤቨርግሌድስን የሚያህል ምድር “ጥግ” ብሎ ማለፍም ቀላል አይደለም።

ተቋሙ በ2009 ባወጣው ሰፊ ዘገባ ዘጠኝ የትልልቅ እባብ ዝርያዎችን መዝኖ ነበር። መንግሥትም ዘጠኙም እንዲታገዱ በ2010 ሐሳብ አቀረበ። በጃንዋሪ 2012 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ኬን ሳላዛር ኤቨርግሌድስ ድረስ ሄደው ውሳኔውን ሲያሰሙ ዘጠኙ አራት ሆነው ነበር። የበርማ ዘንዶ፣ ቢጫው አናኮንዳ፣ የሰሜንና የደቡብ አፍሪካ አህጉር ዘንዶዎች። (ከእነዚህ የሰሜኑ በኢትዮጵያም የሚኖረው ዘንዶ ነው። በአገሩ ማንም ወራሪ አይለውም፤ ማያሚ አጠገብ ግን እሱም ተራብቶ ተገኝቷል።) በ2015 አራት ተጨመሩ። ዘጠነኛው፣ በገበያው እጅግ የሚፈለገው ቦአ፣ ከነጭራሹ ቀረ።

የ2012ቱ ውሳኔ ከተነገረ ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ጥናት ታተመ። ተመራማሪዎቹ በኤቨርግሌድስ መንገዶች ላይ ሌሊት ሌሊት መኪና እየነዱ የሚታዩትን እንስሳት ቆጥረው፣ ዘንዶ ከመብዛቱ በፊት ከተደረገ ቆጠራ ጋር አስተያዩ። ራኩን የሚባለው ትንሽ አውሬ የመታየት ዕድሉ በ99.3 በመቶ፣ ኦፖሰም በ98.9 በመቶ፣ ቦብካት የምትባለው የዱር ድመት በ87.5 በመቶ ወርዷል። ማስረጃ ይምጣ ሲባል ተኖሮ፣ ማስረጃው የመጣው የሚቆጠር ሲጠፋ ነው።

አርቢዎቹ በዚህ አላበቁም። ማኅበራቸው ዩሳርክ በ2013 መጨረሻ ከሰሰ። ክሱ ስለ ዘንዶ ሳይሆን ስለ አንድ ቃል ነበር። ሕጉ ከውጭ ማስገባትን ከመከልከሉ ሌላ በዋናው የአሜሪካ ምድር፣ በዋና ከተማው ዲስትሪክት፣ በሃዋይ፣ በፖርቶ ሪኮና በሌሎቹ ግዛቶች “መካከል” ማጓጓዝን ይከለክላል። መንግሥት ይህን ለአሥርተ ዓመታት ከአንዱ ክፍለ ግዛት ወደ ሌላው መውሰድን ሁሉ እንደሚከለክል አድርጎ ሲያነበው ኖሯል። ማኅበሩ ግን ዋናው ምድር በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቦታ ነው፣ ከኦሃዮ ወደ ቴክሳስ መውሰድ በአንድ ቦታ ውስጥ መንቀሳቀስ እንጂ በሁለት ቦታዎች መካከል አይደለም አለ። በኤፕሪል 2017 የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ለማኅበሩ ፈረደ።

የፍርዱ ትርጉም ይህ ነው። ዘንዶውን ከውጭ ማስገባት ክልክል ሆኖ ቀጥሏል። አገር ውስጥ የተፈለፈለውን ግን የየክፍለ ግዛቱ ሕግ ካልከለከለ በቀር በዋናው ምድር ማዘዋወር ይቻላል። የአገር ውስጥ ማራቢያዎች ገበያውን መሙላት ከቻሉ ቆይተዋል፤ ስለዚህ የታገደው ንግዱ ብዙም የማይፈልገው በር ነው። ፍርዱ በቃሉ አነባበብ ስህተት አለበት ማለት ያስቸግራል። ጉድለቱ የሕጉ ነው፤ ሕጉን የሚያቃናው ደግሞ ምክር ቤቱ ነው።

ፍሎሪዳ የራሷን መንገድ ይዛለች። በ2013 ባዘጋጀችው የአደን ውድድር 1,600 የሚጠጉ ሰዎች ተመዝግበው አንድ ወር ሙሉ ዞረው የያዙት 68 ዘንዶ ነው። እንስሳው ሳር ውስጥ ከተኛ በአጠገቡ አልፈው አያዩትም። ከ2017 ጀምሮ በሰዓትና በእባቡ ርዝመት እየተከፈላቸው የሚያድኑ ሰዎች ተቀጥረዋል። በ2021 ክፍለ ግዛቱ ዘንዶና ሌሎች አደገኛ ተሳቢዎችን ለንግድ ማራባትና ለደስታ ማሳደግን አገደ።

በፌብሩዋሪ 2022 ነጩን መዝገብና በክፍለ ግዛቶች መካከል ማጓጓዝን የሚከለክለውን አንቀጽ አንድ ላይ የያዘ ረቂቅ፣ ከቻይና ጋር ስለሚደረግ ፉክክር በሚያወራ ትልቅ ሕግ ውስጥ ተሸጉጦ፣ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት አለፈ። አርቢዎቹ እንደ 2009ኙ ተነሱ። በኦገስት ፕሬዚዳንቱ የፈረሙት የኮምፒውተር ቺፕ ሕግ ሲወጣ ስለ እንስሳት የሚለው ክፍል የለበትም።

በዚያው ዓመት ጁን ላይ በደቡብ ምዕራብ ፍሎሪዳ የሚሠራ አንድ የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅት የያዛትን ዘንዶ ለጋዜጠኞች አሳየ። የሬዲዮ ምልክት የተቀበረበት ወንድ ዘንዶ ነበር ወደ እሷ የመራቸው። አምስት ሜትር ተኩል ትጠጋለች፤ 98 ኪሎ ገደማ ትመዝናለች። ሆዷ ሲከፈት የአጋዘን ሰኮና ተገኘ። አብሮም 122 እንቁላል።