አንድ ሕመም፣ አራት ስም



በእኛ አገር የሴት ልጅ ጉንጭ ሲቀላና ሲቆጣ «ምች መታት» ይባልና ዳማከሴ ይጨመቅላታል። ቅላቱ ከርሞ ሲጠቁር «ማድያት ነው፣ ከወሊድ የመጣ ነው» ይባላል። ጣቷና ጉልበቷ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲል ቁርጥማት ይሆናል። ፅንስ ደጋግሞ ሲጨነግፍባት ደግሞ ሾተላይ አለባት ይባላል። አራት ስም፣ አራት መድኃኒት፣ አራት አዋቂ።

ብዙ ጊዜ እነዚህ በእርግጥም የተለያዩ ሕመሞች ናቸው። አንዳንዴ ግን ሁሉም በአንዲት ሴት ላይ ይሰበሰባሉ፤ ያኔ ከሥራቸው ሉፐስ የሚባል አንድ በሽታ ሊኖር ይችላል። ታላቅ እህቴ ሦስቱን ስሞች ስድስት ዓመት ተሸክማለች። በስድስተኛው ዓመት እግሯ አብጦ፣ ሽንቷ እንደ ጠላ አረፋ ሲያወጣ ነው አንድ ሐኪም ሁሉንም በአንድ ላይ የጠየቃት። ይህን ታሪክ ማንበብ የጀመርሁት ከዚያ ወዲህ ነው።

አንብቤ የተረዳሁት የመጀመሪያው ነገር፣ ስም ያበዛን እኛ ብቻ አለመሆናችንን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሉፐስ በላቲን ተኩላ ማለት ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ሐኪሞች ፊትን ተኩላ የነከሰው አስመስሎ የሚበላ ቁስል ሁሉ በዚህ ስም ይጠሩ ነበር። የቆዳ ቲቢውም ሌላውም በአንድ ስም ተደባልቆ ኖረ። በ1846 የቪየናው ሐኪም ፈርዲናንድ ፎን ሄብራ ከአፍንጫ ተነሥቶ ሁለቱን ጉንጮች የሚሸፍነውን ቅላት ክንፉን ከዘረጋ ቢራቢሮ ጋር አመሳሰለው። በ1851 ፈረንሳዊው ፒየር ካዘናቭ ይህን ሕመም «ቀይ ሉፐስ» ብሎ ከሌሎቹ ለየው። ያም ሆኖ የቆዳ በሽታ ብቻ ነው ተብሎ ይታመን ነበር።

የሄብራ አማች ሞሪዝ ካፖሲ በ1872 የጻፈው ነገር መንገዱን ለወጠው። ፊታቸው የቀላ ሕመምተኞች ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም እንደሚይዛቸው፣ አንዳንዶቹም እንደሚሞቱ አስተዋለ። ከ1895 ጀምሮ ደግሞ በአሜሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ኦስለር ሕመሙ ልብንና ኩላሊትን ጭምር እንደሚጎዳ አብራርቶ ጻፈ። ልብ በሉ፤ ፊቱን ከኩላሊቱ ጋር ለማገናኘት የተማሩት ሐኪሞች እንኳ ከአርባ ዓመት በላይ ፈጅቶባቸዋል።

የስም መደባለቅ የሚያመጣው ጉዳት በአንድ ታሪክ ጎልቶ ይታያል። ኒልስ ፊንሰን የተባለ የዴንማርክ ሐኪም በ1903 የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሉፐስ ይባል የነበረውን የቆዳ ቲቢ በተጠናከረ ብርሃን በማከሙ ነው። እኛ የምንነጋገርበትን ሉፐስ ግን ብርሃን ያባብሰዋል። ስሙ አንድ ነው፤ ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው ጠንቅ ነው።

እዚህ ላይ እናቶቻችንን ማመስገን ይገባል። ምች ፀሐይ ያመጣዋል ማለታቸው ለዚህ ሕመም እውነትነት አለው፤ የሉፐስን ቅላትና ሕመም ፀሐይ ይቀሰቅሰዋል። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታው በ1 ሺህ ሜትር ሲጨምር ቆዳን የሚጎዳው የፀሐይ ጨረር ቢያንስ 10 በመቶ ይጨምራል። አገሩ ደጋ ስለሆነና ነፋሱ ስለሚያቀዘቅዘን ፀሐዩ አይሰማንም እንጂ አጨዳ ላይ የዋለች ሴት ጉንጭ ያውቀዋል። የጎደለው ምክንያቱ ነው፤ ፀሐይ ይቀሰቅሳል እንጂ ሥሩ ሌላ ነው።

ሥሩ መታየት የጀመረው በ1948 ነው። በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ማልኮም ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ በሉፐስ ታማሚዎች ናሙና ውስጥ የሌላውን ሕዋስ እምብርት የዋጠ ነጭ የደም ሕዋስ አዩ። ቀጥሎ በተደረጉ ምርምሮች የታማሚው ሰውነት በራሱ ሕዋሳት ላይ የሚዘምት አንቲቦዲ እንደሚያመርት ታወቀ። በሽታን የሚከላከልልን ኃይል ቤት እንደሚጠብቅ ውሻ ነው፤ ሌባን ይነክሳል፣ የቤቱን ሰው ያውቃል። በሉፐስ ግን ውሻው ባለቤቶቹን መለየት ያቅተዋል፤ አንድ ቀን ቆዳን፣ አንድ ቀን መገጣጠሚያን፣ አንድ ቀን ኩላሊትን ይነክሳል። ስሙ የበዛው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። አብሮ መብላት፣ አብሮ መተኛት አያጋባውም። ኤች አይ ቪ አይደለም፤ ፀጉሯ የሳሳና የከሳች ሴት ሁሉ በዚያ መጠርጠሯ ብዙ እህቶችን አንገት አስደፍቷል። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ሴቶች ናቸው፤ አብዛኞቹን የሚይዛቸውም በመውለጃ ዕድሜያቸው ነው።

የመድኃኒቱ ታሪክ ወደ አገራችን ያቀርበናል። በ1951 በእንግሊዝ ፍራንሲስ ፔጅ የተባለ ሐኪም ለወባ የተሠራ መድኃኒት ለሉፐስ ታማሚዎች ሰጥቶ ቆዳቸውም የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም እንደተሻለው ጻፈ። ከዚያ በኋላ ክሎሮኪንና ዛሬ ዋናው የሉፐስ መድኃኒት የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ተከተሉ። በ1958 የወባ ወረርሽኝ በኢትዮጵያ ከፍ ባሉ ቦታዎች ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው አሞ 150 ሺህ ያህሉን ሲገድል፣ የዚሁ መድኃኒት ዘመዶች ስለ ወባ ብቻ ይነሡ ነበር። ያንን መራራ ክኒን የሚያስታውሱ አረጋውያን ዛሬም አሉ። ነገር ግን ማንም ከመድኃኒት ቤት ገዝታ በራሷ እንዳትጀምር፤ መጠኑ በኪሎ ይሰላል፣ ዓይንንም በየጊዜው ማስመርመር ያስፈልጋል።

ሌላው መድኃኒት ፕሬድኒሶሎን ነው። ኮርቲዞን የተባለው የቤተሰቡ በኩር ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለመገጣጠሚያ በሽታና ለሉፐስ ሲሰጥ፣ አልጋ ላይ የዋሉ ሰዎች ተነሥተው ሄዱ። ፊት ያሳብጣል፤ ፊቴ አበጠ ብሎ በድንገት ማቆም ግን ለሕይወት ያሰጋል። በ1950ዎቹ ከታማሚዎቹ ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት አይሻገሩም ነበር። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት አገር ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ይሻገራሉ። በሽታው ጨርሶ አይነቀልም፤ እንደ ስኳርና እንደ ደም ግፊት ተይዞ ይኖራል።

ስለ ሾተላይም ልበል። የጤና ባለሙያዎች ዛሬ በዚህ ስም የሚጠሩት የእናትና የልጅ ደም አለመስማማትን ነው፤ ለእሱ መከላከያ መርፌ አለው። ነገር ግን በ1983 ግርሃም ሂዩዝ የተባለ የለንደን ሐኪም ሌላ መንገድ አሳየ። በአንዳንድ የሉፐስ ታማሚዎች ደም ውስጥ ያለ አንቲቦዲ ደሙን ያረጋዋል፤ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ሲረጋ ፅንሱ ይጠፋል። ለዚህ ደግሞ ሐኪም የሚያዘው ትንሽ አስፕሪንና ደም የሚያቀጥን መርፌ ብዙ እናቶችን ልጅ አሳቅፏል። ሁለቱን የሚለየው የደም ምርመራ ነው። «ሾተላይ ነው» ብሎ መቀመጥ ግን ልጅ ያሳጣል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ለማኅበራችን የሚሆነው ምንድን ነው? ሐኪም ዘንድ ስንሄድ ዛሬ ያመመንን ብቻ ሳይሆን የተጠራቀመውን ሁሉ በአንድ ላይ እንናገር። የጉንጭ ቅላት፣ ፀሐይ አለመቻል፣ የጣት መተሳሰር፣ የፀጉር መርገፍ፣ የአፍ ውስጥ ቁስል፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋት፣ የጨነገፈ ፅንስ፣ የእግር እብጠት፣ አረፋ ያለው ሽንት፤ በወረቀት ጽፈን፣ መጻፍ የማትችለዋን ጽፈንላት እንላክ። የሽንት ምርመራ እንዲደረግ እንጠይቅ፤ ኩላሊት ሳያሳምም ይጎዳልና። ከከተማችን ሆስፒታል ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጥቁር አንበሳ የተጻፈላትን እህት አብረን እንሸኛት፤ የመሳፈሪያውን ነገር ከቁጠባችን እናስብበት። ጸበል የምትጠመቅም ትጠመቅ፤ መድኃኒቷን ግን አታቋርጥ። ልጅ መውለድ የምትፈልግ ሕመሙ ቢያንስ ስድስት ወር ጋብ ካለላት በኋላ ከሐኪሟ ጋር ተማክራ ታርግዝ።

እህቴ ዛሬ ገበያ የምትወጣው ጠዋት በጊዜ ነው፤ ጥላዋን ትይዛለች፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ታወርዳለች። ኩላሊቷ የተጎዳውን ያህል ተጎድቷል፤ ከዚያ ወዲህ ግን አልባሰባትም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። እሷ አልደበቀችም ነበር፤ ለየአንዱ አዋቂ የየራሱን ቁራጭ ነግራለች። ሁሉንም በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሰው ብትናገር ኖሮ ምናልባት ስድስት ዓመት ባልፈጀ።