ሰይፍም አስማትም፦ ከጌሙ እስከ ባሌ

 

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል የሀገራችን ሰው። ጌም የምትጫወቱት ግን ከተረቱ ጋር ሙግት ገጥማችኋል። «ቲቸር፣ ሰይፍም የሚመዝ አስማትም የሚያውቅ ካራክተር ብሠራ ያዋጣል? ወይስ ከሁለት ያጣ ጎመን ነው የሚሆነው?» የሚል ጥያቄ በውስጥ መስመር ደጋግሞ ይመጣልኛል። የታሪክ ሰው ነኝና በታሪክ ልመልስ። ረዘም ይላል፤ ቡና አስፈልታችሁ አንብቡት። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።

መጀመሪያ ስለ ጌሙ።

የዚህ ዓይነት ጨዋታ አባት የሚባለው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 አሜሪካ ውስጥ ሲያወጡት ኮምፒውተር የሚባል ነገር የለበትም፤ ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ ብቻ። የሙያ ዓይነቱም ሦስት ነበር፦ ተዋጊ፣ አስማተኛና ካህን። ተዋጊው ያሻውን መሣሪያ ይይዛል፣ ጥሩር ይለብሳል። አስማተኛው ጥሩር አይለብስም፣ ከጩቤ ያለፈ መሣሪያም አይፈቀድለትም። መሐል ላይ የቆመው ካህኑ ነው፤ የብረት ልብስ ለብሶ ይዋጋል፣ ድግምትም አለው፣ ነገር ግን ስለት ያለው መሣሪያ ክልክል ነው። ዱላና መዶሻ ብቻ!

ለምን እንዲህ አጠበቁት? ሁሉን የሚችል ካራክተር ካለ ሌላውን የሚመርጥ ሰው ስለማይኖር ነው። ስለዚህ ሁለቱንም የሚፈልግ ዋጋ ይከፍላል። በ2000 በወጣው የዚሁ ጨዋታ ሦስተኛ እትም ጥሩር የለበሰ አስማተኛ ድግምቱ ሊከሽፍበት ይችላል። ከዚያ በፊት በ1994 የወጣው «ዘ ኤልደር ስክሮልስ፦ አሬና» ለቅይጦቹ የራሳቸውን ስም ሰጥቶ ነበር፦ ባትልሜጅ፣ ስፔልሶርድ፣ ናይትብሌድ። በ2011 «ስካይሪም» ሲመጣ ደግሞ ሙያ መምረጥ የሚባለው ነገር ጭራሽ ቀረ። በአንድ እጅ ሰይፍ፣ በሌላው እጅ እሳት። ግን እኮ ሌቨል በጨመራችሁ ቁጥር የምታገኙት ፖይንት ያው አንድ ነው፤ ለሰይፉ ያዋላችሁት ለእሳቱ አይተርፍም። በርካታ ልጅ ቅይጥ ካራክተር ሠርቶ ሃያኛው ሌቨል ላይ ሲደርስ ጠላቱ የሚደነድንበት ለዚህ ነው፤ ሁለት ግማሽ ነው የሠራው።

የሚያዋጣው ቅይጥ እንዴት ይሠራል? እኔ ሦስት ነገር አያለሁ።

1. ሥሩ አንድ ይሁን። «ዊቸር 3» (2015) ላይ ያለውን ጌራልትን ተመልከቱ። ሰውዬው ባለ ሰይፍ ነው፤ አስማቱ አምስት ቀላል ምልክቶች ናቸው። አንዱ ይጋርደዋል፣ ሌላው ጠላቱን ገፍቶ ይጥልለታል። አስማቱ ለሰይፉ መንገድ ይጠርጋል እንጂ ከሰይፉ ጋር አይፎካከርም።

2. ከአንድ ምንጭ ይጠጡ። «ኤልደን ሪንግ» (2022) ላይ ጉልበትና ቅልጥፍና እንዳለ ሁሉ እውቀትና እምነትም በነጥብ ይለካሉ። እምነታችሁ በጨመረ መጠን ስለቱ የሚበረታ መሣሪያ አለ። እሱን ከያዛችሁ አንዱ ነጥብ ሁለት ቦታ ይሠራል።

3. ድግምቱ ከውጊያው ይቅደም። ጠላት ፊት ቆሞ መድገም ማለት አንድ ምት መቀበል ማለት ነው። የሚያጠነክር፣ የሚጋርድ ነገር ካለ በሩን ሳትከፍቱ በፊት ጨርሱት።

እነዚህን ሦስቱን ያዙልኝ፤ አሁን ወደ ሀገራችን እንመለስ። እኛ ዘንድ ይህ ካራክተር ከጌሙ እጅግ ይቀድማል።

«አስማት» የሚለው ቃል ራሱ ከግእዝ የመጣ ነው፤ ትርጉሙ «ስሞች» ማለት ነው። የስም ብዙ ቁጥር! የአስማት ጸሎት ማለትም ኅቡእ የሆኑ የአምላክና የመላእክት ስሞች የሚጠሩበት ጸሎት ነው። ደብተራው በብራና ላይ ይጽፈዋል፤ ብዙ ጊዜ ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጥና ተጠቅልሎ በቆዳ ማኅደር ይሰፋል፣ ከዚያ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ሙስሊሙም ዘንድ የቁርኣን አንቀጽ ተጽፎ በቆዳ ተሰፍቶ ይታሰራል። ሁለቱንም ክታብ እንላቸዋለን።

እነዚህ የብራና ክታቦች ላይ ዘወትር የሚሣለው ማን ይመስላችኋል? በፈረስ ላይ ተቀምጦ በጦር የሚወጋው ቅዱስ ሱስንዮስ ነው። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ውርዝልያ የምትባል ሕፃናት ገዳይ ልጁን ትገድልበታለች። ጦሩን ይዞ በፈረሱ ያሳድዳታል። ሲያገኛት ግን ዘሎ አይወጋም። ከፈረሱ ይወርዳል፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ይጸልያል፣ ኃይል እንደተሰጠው ሲሰማ ተመልሶ ፈረሱ ላይ ይወጣና ጎኗን ይወጋታል። እሷም ስሙ ባለበት ቦታ ላትደርስ ትምላለች። ክታቡን እናቶች ለልጆቻቸው የሚያስሩት ለዚህ ነው። አያችሁ? ጦር አለ፣ ቃል አለ፣ ቃሉ ከጦሩ ይቀድማል። ሦስተኛው ነጥብ ማለት ይሄ ነው፤ ከጌሙ መቶ ዓመታት በፊት ብራና ላይ ተጽፎ ነበር።

ክታብ ታስሮለት ጦርነት የሄደ ወታደርም የሚያደርገው ያንኑ ነው። በጌም ቋንቋ፣ በሩ ሳይከፈት የተደገመ ድግምት።

አሁን አንድ ጥንቃቄ። ታሪክ ላይ አስማተኛ የሚባለው ብዙ ጊዜ የጠላት ወገን ሰው ነው። የዐፄ ዓምደ ጽዮንን ዜና መዋዕል ውሰዱ። በ14ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የሐዲያው ንጉሥ አማኖ ግብር አልሰጥም ሲል፣ ዜና መዋዕሉ ጥፋቱን በለዓም በሚባል መካሪው ላይ ይጭናል፤ የጨለማ ነቢይ ይለዋል። አማኖ ተያዘ፣ በለዓም የሴት ልብስ ለብሶ ወደ ይፋት አመለጠ ይላል። ዓምደ ጽዮን በበኩሉ ጸሎተኛ ካህናት ነበሩት፤ እነሱን ግን ማንም አስማተኛ አላላቸውም። የእኛ ሲሆን ጸሎት፣ የእነሱ ሲሆን ጥንቆላ። ታሪክ ስታነቡ ብዕሩ በማን እጅ እንደነበረ ጠይቁ።

ቀጥሎ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም። ጦራቸው ባሌንም በ1530ዎቹ መጀመሪያ የያዘው እሳቸው ናቸው። ዘመቻቸውን የጻፈው «ፍቱሕ አልሐበሻ» ሱልጣን አይላቸውም፤ ኢማም ነው የሚላቸው። ሥራቸው እምነት ነው፤ ሰው የተከተላቸው በዚያ ነው። ኢማሙ ግን መሣሪያ የሚንቁ ሰው አልነበሩም። በ1542 በክሪስቶቮ ዳ ጋማ የሚመራው የፖርቱጋል ጦር ሲያሸንፋቸው ወደ የመን ልከው የኦቶማን ነፍጠኞች አስመጡ፤ በዚያው ዓመት ክረምት ወፍላ ላይ ድል አደረጉ፣ ዳ ጋማም ተይዞ ተገደለ። ከድሉ በኋላ ግን አብዛኞቹን ነፍጠኞች ወደ መጡበት ሸኟቸው። በየካቲት 1543 ወይና ደጋ ላይ ዐፄ ገላውዴዎስና የተረፉት ፖርቱጋሎች ገጠሟቸው፤ ኢማሙ በጥይት ተመተው ወደቁ። እምነቱ ዛሬም ትናንትም ያው ነበር። የተለወጠው መሣሪያው ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ደጃችን፣ ወደ ባሌ።

የባሌ ትልቁ ስም የተዋጊ ስም አይደለም። ሼክ ሁሴን ናቸው። ሰው ከአርሲ፣ ከሐረርጌ፣ ከየአቅጣጫው በእግሩ ተጉዞ ድሬ ሼክ ሁሴን ሲደርስ በእጁ የሚይዘው ጫፉ እንደ መንሽ የተሰነጠቀ ዱላ ነው፤ ጦር አይደለም። በዋይብ ወንዝ ላይ ያለው የሶፍ ዑመር ዋሻም የሚጠራው በቅዱስ ሰው ስም ነው። ሽማግሌዎቹ ይህንን ኃይል «ከራማ» ይሉታል። አስማት አይሉትም፣ እኔም አልለውም።

ከራማ ያለበት ሀገር ታዲያ በጦርነት አልተሸነፈም? ተሸንፏል። ይሄ ነው ክፍል ውስጥ አንገት ሲያስደፋችሁ ያየሁት ጥያቄ። ከ1882 እስከ 1886 የምኒልክ ጦር በአርሲ ላይ ደጋግሞ ዘምቷል። አርሲዎች በፈረስና በጦር እነዚያን ሁሉ ዓመታት ተቋቋሙ። በመጨረሻ አዙሌ ላይ በ1886 ጠመንጃ ወሰነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ተራው የባሌ ሆነ። «ጸሎታቸው ስላልሰመረ ነው»፣ «ወኔ አንሷቸው ነው» የሚል ሰው ስትሰሙ ዝም አትበሉ። ጸሎትም ወኔም ነበራቸው። ያልነበራቸው ጠመንጃ ነው።

ከዚያው ሕዝብ መሐል በ1963 ዋቆ ጉቱና ባልደረቦቻቸው ሲነሡ ምክንያቱ የመሬት ቅየሳ፣ ግብርና የአስተዳደር በደል ነበር። እነሱ መጀመሪያ የፈለጉት ጠመንጃ ነው፤ ከሶማሊያም አገኙ። አመፁ እስከ 1970 ድረስ ቆየ። በሰባት ዓመቱ ውስጥ ሰዎቹን አንድ ላይ ያቆማቸው ግን ብረቱ ብቻ አልነበረም፤ በደላቸው፣ ዘራቸውና ሃይማኖታቸውም ነበረ።

ከእኛ ውጭ የሆነ አንድ አሳዛኝ ምሳሌ ልጨምር። በ1905 ዛሬ ታንዛኒያ በምንላት ሀገር ኪንጂኪቲሌ ንግዋሌ የሚባል ሰው ተነሣ። የጀርመንን ጥይት ውኃ የሚያደርግ ጠበል አለኝ አለ። «ማጂ» በስዋሂሊ ውኃ ነው፤ ማጂ ማጂ የተባለው አመፅ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ውኃው አንድ ተአምር በእርግጥ ሠርቷል፦ ተለያይተው ይኖሩ የነበሩ ብዙ ጎሳዎችን በአንድ ቃል አነሣ። ጥይቱን ግን አላቆመም። እስከ 1907 በጥይትና ሆን ተብሎ በመጣ ረሃብ ያለቀው ሕዝብ በትንሹ ግምት 75,000 ነው።

እንግዲህ እኔ ከዚህ ሁሉ የምረዳው ይሄ ነው። ቃልና ብረት ሥራቸው የተለያየ ነው። ቃል ሰውን ይሰበስባል፣ ፍርሃቱን ያስረሳዋል፣ ከሞተ በኋላ እንኳ ስሙን ያቆየዋል። ብረት ብረትን ይመክታል። አንዱን ለሌላው ሥራ ያሰማራ ሰው ነው የሚወድቀው፤ ክታቡን ጥሩር አድርጎ ያሰበ፣ ወይም ጠመንጃ ካለኝ ሰው ምን ያደርግልኛል ያለ።

ስለዚህ ለጥያቄያችሁ መልሴ «አዎ፣ ያዋጣል» ነው። ካራክተሩን ሥሩት፤ ግን መጀመሪያ ሥሩን ምረጡ፣ ሁለተኛውንም ምን እንደምታሠሩት እወቁ። ትምህርትም ሥራም ላይ ያው ነው። ቀን አካውንታንት፣ ማታ ኮድ የምትጽፉ ልጆች አላችሁ፤ ሁለቱን ከአንድ ምንጭ አጠጧቸው።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ሮቤ፣ ጎባ፣ ጊኒር፣ ጎሮ ያላችሁ ልጆች፣ ቤታችሁ ያሉትን አያቶች ጠይቁ። ክታብ ታስሮለት የዘመተ ሰው ያውቃሉ? ማን ጻፈለት? ምን ብሎ ሄደ? ስለ ከራማስ ምን ይላሉ? የሚነግሯችሁን በራሳቸው ቋንቋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፣ በስልካችሁ ቅዱት። የሰማችሁትን እዚሁ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ፤ እኔም አነባለሁ፣ ሌላውም ይማርበታል።

መልካም ሰንበት!