ጨንቻ እና አርባ ምንጭ፦ ሥልጣን ሲነሣ የሚቀረው

ጨንቻ ከአርባ ምንጭ በስተሰሜን፣ በጋሞ ደጋ ላይ የተመሠረተች ከተማ ናት። ቀድሞ የገሙ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ርዕሰ ከተማ ነበረች። በ1950ዎቹ ዓመታት የአስተዳደሩ መቀመጫ ከደጋው ወርዶ፣ በአባያና በጫሞ ሐይቆች አጠገብ አዲስ ወደተቆረቆረችው አርባ ምንጭ ተዛወረ። ገዥው፣ መዝገቡና ባለጉዳዩም ተከትለው ወረዱ። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ አንድ ነው፦ ሥልጣን ሲነሣ በአንዲት ከተማ ምን ይቀራል?

ጥያቄው ለታሪካችን እንግዳ አይደለም። መዲና የኺላፋ መቀመጫነቷን ያጣችው በ36 ዓመተ ሂጅራ፣ ዓሊ (ረ.ዐ.) ወደ ዒራቅ ወጥተው ኩፋን መቀመጫቸው ባደረጉ ጊዜ ነው። ኋላም ሥልጣኑ ወደ ደማስቆ፣ ከዚያም ወደ ባግዳድ ተሻገረ። ይሁን እንጂ በ179 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢማም ማሊክ ሐዲስና ፊቅህ ያስተማሩት በመዲና ተቀምጠው ነው፤ ደረሳውም ከግብፅና ከአንደሉስ ሳይቀር ወደ እርሳቸው ይጓዝ ነበር። ዙፋኑ ሄደ፤ ዒልሙ ቀረ።

በሩቅ ምሥራቅም የቻይናዋ ቻንግአን ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶባታል። የታንግ ሥርወ መንግሥት (እ.ኤ.አ. 618–907) ሲያከትም የንጉሠ ነገሥት መቀመጫነቷ አበቃ። ዛሬ ሺአን ተብላ የአንድ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በሚንግ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1392 የተመሠረተው ታላቁ መስጊዷ ግን የሙስሊሙ ማኅበረሰብ ከቤተ መንግሥቱ ጋር አብሮ እንዳልጠፋ ምስክር ነው።

ወደ ጋሞ እንመለስ። አርባ ምንጭ የተቀበለችውን ማዕከልነት በትምህርት አጽንታዋለች። በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ግን ተቋማቱ በበርካታ ከተሞች ተከፋፈሉ፤ ዋናው የአስተዳደር መቀመጫ ወላይታ ሶዶ ሲሆን፣ አርባ ምንጭ ከማዕከላቱ አንዷ ሆናለች። የመቀመጫነት ማዕረግ እንደገና ሊደለደል እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻም።

ደጋው ደግሞ የራሱን ይዞ ቆይቷል፦ የዶርዜን ሽመና፣ የዱቡሻን ሸንጎ፣ የሽማግሌዎቹን ቃል። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩ በደረሰው ግድያ የተቆጡ ወጣቶች በአርባ ምንጭ ለበቀል ሲወጡ፣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው በፊታቸው ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ተመለሱ። በዚያ ቀን ከተማዪቱን የታደጋት መቀመጫው ሲዛወር ያልፈረሰው ሥርዓት ነው።

ለመምህራንና ለኢማሞች የሚተርፈው ትምህርት ይህ ነው። ለተማሪዎቻችን የርዕሰ ከተሞችንና የገዥዎችን ስም በተራ እናስጠናለን፤ ከሥልጣኑ በኋላ በቦታው ማን እንዳስተማረና ማን እንዳስታረቀ ግን እምብዛም አንጠይቅም። ሱልህ በሱረቱል ሑጁራት የታዘዝንበት ጉዳይ ሆኖ ሳለ፣ በአጠገባችን ያሉ አስታራቂዎች ያዩትና የሠሩት ሳይጻፍ አብሯቸው እንዲቀበር መተው አይገባንም። እያንዳንዱ መድረሳ በአካባቢው ካሉ አረጋውያን አፍ ሰምቶ ቢመዘግብ፣ መጪው ትውልድ ከተማን በዙፋኗ ብቻ አይመዝንም። ወላሁ አዕለም።