ስለ ትንሹ ነጋዴ ግብርና ስለ ሒሳብ መዝገቡ

በአገራችን ስለ ግብር ታሪክ የተጻፈው አብዛኛው ጥናት የሚያተኩረው በመሬት ላይ ነው። ስለ ርስትና ስለ ጉልት፥ ስለ አሥራትም ብዙ ተብሏል። በትንሽ ሱቅ፥ በልኳንዳ ቤት ወይም በልብስ ስፌት የሚተዳደረው ሰው ግን ምን እንደ ከፈለና ክፍያውም በምን ተቆጥሮ እንደ ተወሰነ ያን ያህል አልተመረመረም። እኛ እንደሚመስለን በዚህ ሰውና በግብር ሰብሳቢው መካከል የኖረው ክርክር፥ ስለ ግብሩ ማነስና መብዛት ከሚነሣው ጥያቄ ይልቅ፥ ቆጣሪው ማን ነው በሚለው ጥያቄ ላይ የቆመ ነው።

በቀድሞ ዘመን ነጋዴ የሚከፍለው በኬላ ነበር። ኬላ ጠባቂው በበቅሎና በአህያ ጀርባ ያለውን ጭነት አይቶ ይቀርጣል፤ ክፍያውም በማርትሬዛ ብር፥ በአሞሌ ጨው ወይም ከዕቃው ከራሱ ይሆናል። ኬላው በየግዛቱ ስለ ነበረ ሲራራ ነጋዴው በአንድ ጉዞ ደጋግሞ ይቀረጥ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ የሚሾመው ነጋድራስ ደግሞ ቀረጥ አስከፋይም የነጋዴዎች ዳኛም ነበር። እንግዲህ በቀረጡ ተበደልሁ የሚል ነጋዴ አቤት የሚለው ለዚያው ለአስከፋዩ ሹም ነው ማለት ነው። በአዲስ አበባ ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ወልደ ሚካኤል ይህን ሥልጣን ይዘው ቆይተው፥ በ1900 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የንግድና የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነዋል። ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝም በጉምሩክ ሥራ ላይ ስለ ነበሩ ነገሩን ከውስጥ ያውቁት ነበር፤ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፋቸውን ያነበበ ሁሉ ይህን ይረዳዋል።

የኬላው በደል ብዙ ቢሆንም አንድ ነገር አይካድም፤ ጭነቱ ለሁለቱም ወገን በዓይን ይታይ ነበር። ነገሩ የተለወጠው ግብሩ ከጭነት ወደ ትርፍ ሲዛወር ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 60 በደመወዝተኛውና በነጋዴው ገቢ ላይ ግብር ጣለ። ትርፍ ግን እንደ ጭነት አይታይም፤ የሚታወቀው የገባውና የወጣው ተጽፎ ሲተሳሰብ ብቻ ነው። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴው ሁሉ የሒሳብ መዝገብ እንዲይዝ ሲያዝ ጥቃቅን ነጋዴዎችን ከዚህ ግዴታ ነፃ አወጣቸው። በ1953 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር ዐዋጅ ቁጥር 173 በበኩሉ መዝገብ በሌለበት ጊዜ ግብሩ በግምት እንዲወሰን ፈቀደ። ሁለቱን ሕጎች ጎን ለጎን ላነበበ ሰው የነጋዴው ዕድል ግልጽ ነው። አንደኛው «መዝገብ መያዝ አያስፈልግህም» አለው፤ ሁለተኛው «መዝገብ ስለሌለህ እኔ እገምትልሃለሁ» አለው። ከድካም ያሳረፈው ሕግ ማስረጃውንም ወሰደበት።

እርግጥ ነው፥ ሕግ ባያሳርፈውም ኖሮ መዝገቡን መያዝ ቀላል ባልሆነለት ነበር። የትንሽ ነጋዴ ገንዘብ የሱቁና የቤቱ ተብሎ አይለይም። ጠዋት ከመሳቢያው የወጣው 50 ብር የልጅ ደብተር ይገዛበታል፤ ማታ የጎደለው ምን እንደ ሆነ የሚያስታውስ የለም። ደብተር ከተገኘም የዱቤ ደብተር ነው፤ እርሱም ሌሎች የሚከፍሉትን እንጂ ባለሱቁ ያተረፈውን አይናገርም። ከሁሉ ይልቅ ገማቹን የሚያሳስተው ዕቁብ ነው። ዕጣ የወጣለት ነጋዴ በደረሰው ገንዘብ ዕቃ ገዝቶ መደርደሪያውን ይሞላል። በዚያ ሳምንት የገባ ገማች የሞላ ሱቅ አይቶ ትልቅ ነጋዴ ነው ይላል። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ ያለው ገና በየሳምንቱ ተቆጥሮ ለዕቁብተኞች የሚከፈል ዕዳ ነው። ልኳንዳ ቤትንም እንመልከት። በ55ቱ ቀን የዐቢይ ጾም ሥጋ ቤቱ ዝግ ነው፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ሰው ይጋፋበታል። ከሁለቱ በየትኛው ቀን ቢገመት ነው ዓመቱ የሚታወቀው?

በደርግ ዘመን የገቢ ግብሩ ከፍተኛ ደረጃ ከመቶ 89 መድረሱ ይታወቃል። ይህ በራሱ ሰፊ ጉዳይ ስለ ሆነ እናልፈዋለን። በ1994 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቁጥር 286 ነጋዴዎችን ሀ፥ ለ፥ ሐ ብሎ በሦስት ደረጃ መደበ፤ ዓመታዊ ሽያጩ እስከ 100,000 ብር የሆነው ደረጃ ሐ በቁርጥ ግብር እንዲከፍል ሆነ። በ2008 ዓ.ም. በዐዋጅ ቁጥር 979 ወሰኑ ወደ 500,000 ብር ከፍ አለ።

ቀጥሎ በ2009 ዓ.ም. የመጣው የቀን ገቢ ግምት ነው። ገማቾች ከሱቅ ወደ ሱቅ እየዞሩ የዕለት ሽያጭን ገመቱ፤ ያም በዓመቱ የሥራ ቀን ተባዛ። ለምሳሌ ያህል በቀን 1,500 ብር ይሸጣል የተባለ ሱቅ በ300 ቀን ሲባዛ 450,000 ብር ስለሚሆን በደረጃ ሐ ይቀራል። 1,700 ብር ከተባለ ግን 510,000 ብር ይሆንና ወደ ደረጃ ለ ከፍ ብሎ የሒሳብ መዝገብ የመያዝ ግዴታ ይወድቅበታል። በ200 ብር የግምት ልዩነት የሰውየው አቋም ተለወጠ ማለት ነው። በዚህ ላይ ቃሉ ራሱ ችግር ፈጠረ። በቋንቋችን «ገቢ» የሚለው ቃል በመሳቢያ የገባውን ሁሉ፥ እንዲሁም ለባለቤቱ የተረፈውን ይሰይማል። ገማቹ ስለ መጀመሪያው ሲናገር ብዙው ነጋዴ ሁለተኛውን ሰማ፤ በቀን ይህን ያህል ታተርፋለህ የተባለ መስሎት ደነገጠ። በሐምሌ ወር በአምቦ፥ በወሊሶና በሌሎችም ከተሞች ሱቆች ተዘጉ። ብዙ አቤቱታም ቀረበ፤ የአንዳንዱ ግምት ተስተካከለ። አቤት ባዩ ግን ግምቱ በዝቷል ከማለት በቀር እጁ ላይ የሚያሳየው ወረቀት አልነበረውም።

በ2017 ዓ.ም. የወጣው የማሻሻያ ዐዋጅ ቁጥር 1395 ሦስቱን ደረጃዎች ሁለት አድርጎ፥ ዓመታዊ ሽያጩ ከ2,000,000 ብር በታች የሆነው ነጋዴ በሽያጩ መጠን እንዲከፍል ወሰነ። ከትርፍ ይልቅ ሽያጭ መቆጠሩ ነገሩን ወደ ጥንቱ ጭነት ያቀርበዋል። ይሁን እንጂ የኬላው ጭነት በሁለት ሰዎች ፊት ይወርድ ነበር፤ የሱቁ ሽያጭ ግን ማታ በደብተር ካልሰፈረ በነጋታው የሚያየው የለም።