የሕግ ፈቃድና የማኅበር ጥበቃ፤ ስለ ዕፅና ስለ ጋብቻ ሥርዐት የቀረበ ሐተታ

መቅድም

በአሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ የምትገኘው የዋሽንግተን ግዛት ሕዝብ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2005 ዓ.ም. ለምርጫ በወጣ ጊዜ፣ በአንድ ቀን ሁለት ነገር አጸና፤ ይኸውም ዕድሜው 21 ዓመት የሞላ ሰው ካናቢስ እንዲገዛና እንዲይዝ፣ ሁለት ወንዶች ወይም ሁለት ሴቶችም በሕግ ፊት እንዲጋቡ ፈቀደ። በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጅ አሳድገው፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ተክለው ስለሚኖሩ፣ ይህ ውሳኔ ለእኛ የባዕድ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በአገራችን ግን ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን፣ በአንቀጽ 629 ደግሞ በተመሳሳይ ጾታ መካከል የሚፈጸም ግብረ ሥጋን በወንጀልነት ይቀጣል።

ሕግ ቀድሞ የከለከለውን ሲፈቅድ በማኅበራዊ ኑሮ ላይ ምን ይከተላል? አንደኛው ወገን ፈቃዱ ምግባርን አፍርሶ ትውልድን ያጠፋል ሲል፣ ሁለተኛው ወገን ለሰው ነጻነትን ከመስጠት በቀር የሚያመጣው ነገር የለም ይላል። ሁለቱም ግን ዓይናቸውን ከሕጉ ቃል ላይ አያነሡም፤ ቃሉን የሚቀበለውን ማኅበር አይመረምሩም። የዚህ መጣጥፍ ዐሳብ፣ ሕግ በመፍቀዱም ሆነ በመከልከሉ ልማድን እምብዛም እንደማይፈጥርና እንደማያጠፋ፣ ይልቁንም የጥበቃውን ሸክም ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው እንደሚያዛውር፣ ስለዚህም የሕጉ ውጤት የሚታወቀው ሸክሙን የሚረከበው ማኅበር ሲታወቅ መሆኑን ማስረዳት ነው። ለዚህም በመጀመሪያ የገዛ ታሪካችን፣ ቀጥሎ የዋሽንግተን ነገር፣ በመጨረሻም ማኅበር ከመሠረቱ እንደ አዲስ በሚተከልበት በኮዬ ፈጬ ያለው ሁኔታ ይመረመራል።

፩. ቡና፣ ትምባሆና ጫት

ዛሬ የኢትዮጵያ መለያ የሆነውን ቡናን ካህናቱ የእስላምና የአረማዊ ልማድ ነው እያሉ ለብዙ ዘመን ሲነቅፉት ከኖሩ በኋላ፣ በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ንጉሠ ነገሥቱ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው የሚጠጡት ሆኖ ሲገኝ ነቀፋው ቀስ በቀስ ረገበ። ነቀፋው ሲነሣ ግን ቡናው ያለ ጠባቂ አልቀረም፤ ዕጣኑ፣ ቄጠማው፣ የአቦል የቶናና የበረካ ተራው፣ ጎረቤት ሳይጠራ የማይጠጣ መሆኑ፣ ለታላቅ ሳይቀዳ ለታናሽ አለመቀዳቱ፣ እነዚህ ሁሉ ማንም ሕግ አውጪ ያልደነገጋቸው ሥርዐቶች ሆነው፣ ቀድሞ ነውር ይባል የነበረውን መጠጥ የዕርቅና የምርቃት ማዕድ አደረጉት።

የትምባሆ ታሪክ የዚህ ተቃራኒ ነው። አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆ ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው እንዲቆረጥ ማዘዛቸውን በዘመኑ የነበሩ መንገደኞች ጽፈዋል፤ ከዚህ የሚብስ ክልከላ ሊታሰብ አይችልም። ይሁን እንጂ ጭሱ ከአገር አልጠፋም፤ ይባስ ብሎ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን መንግሥት ራሱ የትምባሆ ሞኖፖል አቋቁሞ ሻጭ ሆነ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ ሽያጩን ሳይከለክል፣ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላ ሰው እንዳይሸጥና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ቤት ውስጥ እንዳይጨስ ወስኗል። ይህ ሦስተኛው መንገድ አጫሹን ከመቅጣት ይልቅ የባለ ቡና ቤቱን፣ የአስተናጋጁንና የአጠገቡን ተቀማጭ ዓይን ጠባቂ አድርጎ ስለሾመ፣ የጥበቃውን ሸክም ከንጉሡ ጭፍራ ወደ ሕዝቡ ያዛወረ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ለነገራችን ምስክር የሚሆነው ጫት ነው፤ ምክንያቱም በአገራችን የሕጉ ቃል ሳይለወጥ ውጤቱ የተለወጠ ነውና። በሐረርና በወሎ ሙስሊሞች ዘንድ ጫት የዱዓ ጉባኤ ማጀቢያ፣ ሽማግሌ የሚመራው፣ ምርቃትና ልመና የሚቀርብበት ቅጠል ነበር። ከዚያ ጉባኤ ወጥቶ ወደ ከተማ ሲገባ ሽማግሌውን አላስከተለም፤ በርጫው፣ ማለት ተሰብስቦ መቃሙ፣ ተርፎ ዱዓው ጠፋ፤ ለምርቃናው ማብረጃ ጨብሲ የሚባል የማታ መጠጥ ተጨመረበት። በሌላ በኩል ኔዘርላንድስ በ2013፣ ብሪታንያም በ2014 እ.ኤ.አ. ይህንኑ ቅጠል በሕግ ሲከለክሉ፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሊቃውንት ጉባኤ በ2006 እ.ኤ.አ. ጫት ዓለም አቀፍ ቁጥጥር አያሻውም ብሎ ነበር፤ ስለዚህ በአወዳይ ገበያ የገበሬ መተዳደሪያ የሆነው በለንደን የወንጀል ማስረጃ ሆነ። የሻሸመኔም ነገር ከዚህ አይርቅም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኢጣሊያ ወረራ ዘመን ኢትዮጵያን ለረዱ ጥቁር ሕዝቦች በዚያ አምስት ጋሻ መሬት ሰጥተው ነበር፤ በኋላ ከጃማይካ የመጡት ራስተፈሪያውያን ካናቢስን ቅዱስ ዕፅ ይሉታል፤ ጃማይካ በ2015 እ.ኤ.አ. ለእምነታቸው ሲሉ እንዲጠቀሙበት ስትፈቅድ፣ የተስፋ ምድር ያሏት አገር ግን እስከ ዛሬ ትከለክለዋለች።

፪. ቁርባን፣ ሰማኒያና ደመወዝ

ስለ ጋብቻም ቢሆን የሕጉና የሕዝቡ መንገድ አንድ ሆኖ አያውቅም። ፍትሐ ነገሥት ሥጋዊና መንፈሳዊ ፍርድን አንድ አድርጎ ሲያስተምር፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ የማይፈርሰውን የቁርባን ጋብቻ ብቻ ስትባርክ፣ የደጋው ሕዝብ አብዛኛው በሰማኒያ ውል ተጋብቶ ውሉ ሲፈርስ ንብረቱን በሽማግሌ እየተካፈለ፣ መንገደኛውና ወታደሩም በደመወዝ ጋብቻ ለጊዜ እየተወሰነ ኖረ። የንስሐ አባቱ የሰማኒያውን ባለትዳር ከቁርባን ቢያርቀውም ከማኅበሩ አላስወጣውም፤ ለቀብሩም ለክርስትናውም መጥቷል።

በ1952 ዓ.ም. በፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ አርቃቂነት የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመንግሥት ሹም ፊት፣ በሃይማኖትና በባህል የሚፈጸሙትን ሦስቱን ጋብቻዎች እኩል አጸና፤ ለሴት ልጅ ግን የጋብቻ ዕድሜ 15 ዓመት ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም ዕድሜውን 18 ካደረገ በኋላ፣ ከዚያ ቀደም ባልተደረገ ሁኔታ፣ ሳይጋቡ እንደ ባልና ሚስት ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ አብረው የኖሩ ወንድና ሴት ያፈሩት ንብረት የጋራ እንዲሆን ወሰነ። ይህን የወሰነ ሕግ ነውርን ሕጋዊ አደረገ የሚል ነቀፋ ሊሰነዘርበት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሕጉ አብሮ መኖሩን አልፈጠረውም፣ ቀድሞ በነበረው ኑሮ ውስጥ ባዶ እጇን ትባረር የነበረችውን ሴት ጠበቃት እንጂ።

የክልከላውን አቅም ደግሞ የልጅነት ጋብቻ ይመሰክራል። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ20 እስከ 24 ከሆኑት ሴቶች ከመቶ 40ዎቹ 18 ዓመት ሳይሞላቸው ተድረው ተገኝተዋል፤ እነዚህ ሴቶች ሁሉ ለአቅመ ሔዋን የደረሱት የ1992ቱ ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። እዚህ ላይ ግን ለክርክሬ ልጓም የሚሆን ነገር አለ፤ ልጅቱን የዳረው ራሱ ማኅበሩ፣ ማለት አባት፣ ሽማግሌና ዘመድ ነውና፣ ማኅበር ሁልጊዜ የደካማ ጠባቂ አለመሆኑ፣ አንዳንድ ጊዜም ደካማውን ከጠባቂው መጠበቅ የሕግ ተቀዳሚ ተግባር መሆኑ አይካድም።

፫. በዋሽንግተን የታየው

ወደ ዋሽንግተን ስንመለስ የሁለቱ ፈቃዶች ውጤት አንድ ዓይነት ሆኖ አልተገኘም። ካናቢስን በመያዝ ብቻ በዐዋቂዎች ላይ ይቀርብ የነበረው ክስ በ2012 እ.ኤ.አ. 5,531 ሲሆን በሚቀጥለው ዓመት ወደ 120 ወረደ፤ ሐምሌ 1 ቀን 2006 ዓ.ም. መደብሮች ከተከፈቱ በኋላ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዛቷ ከሽያጩ ከመቶ 37 ቀረጥ ትሰበስባለች፤ በትምህርት ቤቶች በየጊዜው የሚደረገው መጠይቅም የልጆች ተጠቃሚነት መጨመሩን አላሳየም። በመንገድ ላይ ግን ሌላ ነገር ታየ፤ የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር የትራፊክ ደኅንነት ድርጅት እንዳጠናው፣ ሰው በሞተባቸው አደጋዎች ከተካፈሉት አሽከርካሪዎች ውስጥ የዕፁ ንጥረ ነገር በደማቸው የተገኘባቸው በ2013 እ.ኤ.አ. ከመቶ 8 ሲሆኑ በ2014 ከመቶ 17 ሆነዋል። በደም መገኘቱ ብቻ አደጋውን ያደረሰው ዕፁ ነው አያሰኝም፤ ቢሆንም ልጁን በትምህርት ቤት የሚጠብቅ ወላጅና መምህር ሲኖር፣ በመሪው ላይ ብቻውን ለተቀመጠው ዐዋቂ ግን ጠባቂ እንደሌለ ያመለክታል።

ስለ ጋብቻው ደግሞ ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም በ2024 እ.ኤ.አ. የሃያ ዓመት ጥናቶችን መርምሮ፣ የተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ መፈቀዱ የወንድና የሴትን ጋብቻ እንዳልቀነሰና ፍቺንም እንዳላበዛ ገልጧል። የዋሽንግተን ሕግ ማንም ካህን እምነቱ የማይፈቅደውን ጋብቻ እንዲፈጽም እንደማይገደድ በግልጥ ስለደነገገ፣ በሲያትል ያሉት የኦርቶዶክስ ካህናት ተክሊሉን በቀደመው ቀኖናቸው ከመፈጸም አልተከለከሉም። በአንጻሩ በካናቢስ ነገር ላይ ስደተኛው በሦስት ሕጎች መካከል ተይዞ ይገኛል፤ ግዛቲቱ ትፈቅድለታለች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ወይም መስጊዱ ይገሥጸዋል፣ የፌዴራሉ መንግሥት ደግሞ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ በግዛት ሕግ የተፈቀደ ቢሆን እንኳ ዕፁን መጠቀም ወይም በዚያ ንግድ መሥራት የመልካም ጠባይ ጉድለት ሆኖ ዜግነት ሊያስከለክል እንደሚችል አስታውቋል። በእንዲህ ያለው የሕግ መደራረብ ላይ፣ በድምፅ ብልጫ የተገኘ ፈቃድ ለሁሉ እኩል ፈቃድ እንዳልሆነ ይታያል።

፬. ኮዬ ፈጬ

በአቃቂ ቃሊቲ በኩል በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ የሚገኘው ኮዬ ፈጬ፣ ትናንት የገበሬ ማሳ የነበረ፣ ዛሬ ግን ፎቁ በፎቅ ላይ የተደረደረበት ሰፈር ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. ዕጣ ከወጣባቸው 51,229 የጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል የዚህ ሰፈር ቤቶች ሲገኙበት፣ በወሰን ይገባኛል ጥያቄ የተነሣ በኦሮሚያ ብርቱ ተቃውሞ ተቀስቅሷል። የጥንቱ የአዲስ አበባ ሰፈር በዘመድ፣ በሹመኛ ግቢና በደብር ዙሪያ ተሰባስቦ ሲያድግ፣ እዚህ ጎረቤትን ከጎረቤት ያገናኘው ዕጣ ነው፤ የላዩ ፎቅ ነዋሪ የታቹን ነዋሪ ወላጆች አያውቅም፣ ሊገሥጸውም ሥልጣን ያለው አይመስለውም።

በአንድ ብሎክ ምድር ቤት የጫት ሱቅ ተከፍቶ ይታሰብ። ከቀትር በፊት በኮባ ቅጠል የተጠቀለለው እስር ውኃ እየተረጨበት ይደረደራል፤ ስምንት ሰዓት ሲሆን የባጃጅ ነጂውና ሥራ ያጣው ወጣት በደረጃው ላይ ተቀምጠው በርጫውን ይጀምራሉ፤ ማታ ደረጃው ገራባና የውኃ ፕላስቲክ ሆኖ ያድራል። ፖሊስ ቢጠራ ጫት መቃም ወንጀል አይደለምና የሚለው የለውም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ግን የቤት ባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምና መተዳደሪያ ደንብ እንዲያወጣ ያዝዛል፤ ኮሚቴው ሱቁ እንዲሠራ ሆኖ በደረጃው ላይ መቃም እንዲቀር፣ ባለሱቁም ገራባውን እንዲጠርግ ከወሰነ፣ የመንግሥት ሕግ ያልነካውን ነገር ጎረቤት ልክ አበጀለት ማለት ነው። ኮሚቴው በስም ብቻ ባለበት ብሎክ ግን ያው ሕግ ያንኑ ሱቅ የጠብ ምንጭ ያደርገዋል። ሺሻ ቤት በተገኘ ጊዜ ደግሞ ፖሊስ መጥቶ ቢያሽግ፣ አሻጊው ሄዶ ሺሻው በሌላ ብሎክ ይከፈታል፤ ዘወትር የሚኖረው ጎረቤት ነውና።

በጋብቻም ነገር የሚታየው ይኸው ነው። አዲስ እድር ሲቋቋም በመዝገቡ ላይ የአባሉ፣ የትዳር ጓደኛው፣ የልጆቹና የወላጆቹ ስም ይሰፍራል፤ የእድሩ ጸሐፊም አብዛኛውን ጊዜ የጋብቻ ምስክር ወረቀት አምጡ አይልም፣ አብረው ሲኖሩ የታዩትን ባልና ሚስት ብሎ ይጽፋል። ሴቲቱ ወረቀቱን የምትፈልገው ቤቱ ሲሸጥ፣ ሲወረስ ወይም ክርክር ሲነሣ፣ ወረዳ ወይም ፍርድ ቤት በሚያደርሳት ቀን ነው። እድሩ ለሐዘኗ ድንኳን ይተክልላታል፤ የቤቱን እኩሌታ ሊያስከብርላት ግን አይችልም፤ ይህን የሚያደርገው የ1992ቱ ሕግ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ሁለት ክፍል አለው። ድርጊትን በሚመለከት፣ ቅጠሉም ይሁን ጭሱ፣ ፈቃድም ሆነ ክልከላ ከሕጉ በታች የሚሠራ ማኅበር ከሌለው ፍሬ አይሰጥም፤ ስለዚህ ሕግ አውጪ ካናቢስን ልፍቀድ ወይስ ልከልክል ብሎ ከመከራከሩ በፊት፣ ዛሬ በተፈቀደው ጫትና በተከለከለው ሺሻ ላይ የብሎክ ኮሚቴው፣ እድሩና ትምህርት ቤቱ ምን አቅም እንዳላቸው መመርመር ይገባዋል። የሰውን መብት በሚመለከት ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ለተዳረችው ልጅ፣ ያለ ወረቀት ለኖረችው ሴት፣ በአጠቃላይም ብዙኃኑ ለማይቀበሉት ሰው፣ የጎረቤት ጥበቃ ወደ ጎረቤት ጭቆና ሊለወጥ ስለሚችል፣ እዚያ ላይ ዳኛ እንጂ ኮሚቴ አይበቃም። በዕፅና በጋብቻ ላይ የሚነሣውን ክርክር አንድ ነገር አድርገው የሚያዩት ሁሉ ይህን ልዩነት ይስታሉ፤ የመጀመሪያው የጠባቂን መኖር፣ ሁለተኛው የጠባቂን ወሰን የሚጠይቅ ነውና፣ አንዱን በሌላው መልስ መፍረድ አይገባም።