የባሮ ሽንኩርት ዝርያዎች ታሪክ፦ ከግብፅ መደብ እስከ ስኮትላንድ ጓሮ

ባሮ ሽንኩርት የተገኘው በሜዲትራኒያን ባሕር ዙሪያና በምዕራብ እስያ ከሚበቅል የዱር ሽንኩርት ነው። ከዚሁ ተክል የየአገሩ ገበሬ የሚፈልገውን እየመረጠ የተለያየ አትክልት አውጥቷል። በግብፅ የተፈለገው ቅጠሉ ነበር፤ ኩራት የሚባለው ዘመዱ ዛሬም እየታጨደና መልሶ እያቆጠቆጠ ለወራት ይበላል። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 11 እስራኤላውያን በምድረ በዳ ከናፈቋቸው የግብፅ ምግቦች መካከል ኩራት ይገኝበታል። ወደ ሰሜን በኩል ግን ተፈላጊው ነጩ አንገት ሆነ። ይህ አንገት ግንድ ቢመስልም የተደራረቡና የተጠቀለሉ የቅጠል እግሮች ናቸው። ችግኙ በጥልቀት ተተክሎ በየጊዜው አፈር ሲታቀፍለት፣ ብርሃን ያልደረሰው ክፍል ይነጣል፤ ይለሰልሳልም።

ሁለቱ ዓይነቶች በሮም ዘመን ተለይተው ይታወቁ ነበር። በ1ኛው መቶ ዘመን የኖረው ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ ለቅጠሉ የሚታጨደውንና ራስ እንዲያበጅ የሚተከለውን ለይቶ ጽፏል። ከሁሉ የሚበልጠው የግብፅ መሆኑን፣ ከዚያም የኦስቲያና የአሪኪያ እንደሚከተሉ መዝግቧል፤ አትክልትን በበቀለበት ስፍራ የመምረጥ ልማድ ያን ያህል የቆየ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን ድምፁ እንዲያምርለት በየወሩ በተወሰኑ ቀናት ባሮ ሽንኩርት በዘይት ብቻ ይበላ እንደነበርም ይነግረናል።

ከሮም ውድቀት በኋላ አትክልቱ በቤተ መንግሥት ርስቶችና በገዳማት ጓሮ ቆየ። ንጉሥ ሻርለማኝ እ.ኤ.አ. በ800 ገደማ በርስቶቹ እንዲተከሉ ያዘዛቸው አትክልቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በ820ዎቹ ገደማ በተሳለው የሳንክት ጋለን ገዳም ንድፍ ላይም የራሱ መደብ ተለክቶለታል። እንዲህ የተከበረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በሰሜን አውሮፓ ክረምት ጎመኑ ሲያልቅና ጎተራው ሲሳሳ ባሮ ሽንኩርት በረዶ በለበሰው መሬት ውስጥ ሳይበሰብስ ይጠብቃል። በዌልስ የአገር ምልክት ሆኖ በቅዱስ ዳዊት በዓል፣ መጋቢት 1 ቀን በእነሱ አቆጣጠር፣ ልብስ ላይ የሚሰካውም ጓሮው ባዶ በሆነበት በዚያው ወቅት ነው።

ዝርያዎቹን የፈጠረው ይኸው ክረምት ነው። ባሮ ሽንኩርት በመጀመሪያው ዓመት ቅጠልና አንገት ያበጃል፤ ቅዝቃዜ ካለፈበት በኋላ በሁለተኛው ዓመት ያብባል፤ ዘርም ይሰጣል። ስለዚህ በቀዝቃዛ አገር ዘር የሚሰጠው ከብርዱ የተረፈው ብቻ ነው። ነፍሳት የአንዱን ብናኝ ወደ ሌላው ስለሚያመላልሱም የአንድ መንደር ተክሎች እርስ በርስ ይዳቀላሉ፤ ትውልድ ባለፈ ቁጥር የመንደሩ የራሱ መልክ ይወጣል። ብርዱ በጠናበት ስፍራ አጭር፣ ወፍራም፣ ቅጠሉ ሰማያዊ የመሰለ ተክል ጸና። ክረምቱ ቶሎ በማይገባበት ወይም ለበጋ ገበያ በሚዘራበት ስፍራ ደግሞ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፈካ ያለ አረንጓዴና ፈጥኖ የሚደርስ ተክል ተመረጠ። የባልካንና የቱርክ ዝርያዎች አንገታቸው እጅግ የሚረዝመው በዚህ ምርጫ ነው።

ፈረንሳይ በዚህ ረገድ ከማንም ትበልጣለች። ሩዋን አጭርና ወፍራም ዝርያ አወጣች፤ የኖርማንዲዋ ካራንታን በግዝፈቱ የታወቀውን ሰጠች። ከሊዮን በስተደቡብ ያለችው ሶሌዝ ደግሞ ውርጭ ሲነካው ቅጠሉ ወደ ወይን ጠጅ የሚለወጠውን ሰማያዊ ባሮ ሽንኩርት አቆየች። የፓሪስ ዙሪያ አትክልተኞች ለከተማው ገበያ ረጅሙን መረጡ። የዘር ነጋዴዎቹ የቪልሞራን ቤተሰብ ድርጅት በ1883 ባሳተመው የአትክልት ዝርያዎች መጽሐፍ እንዲህ ያሉ የመንደር ተክሎችን እየገለጸ በስማቸው መዘገባቸው። የመንደር ዘር የነበረው በካታሎግ የሚታዘዝ ሆነ።

በስኮትላንድም በኤዲንብራ አጠገብ ባለችው በመስልብራ በ19ኛው መቶ ዘመን የወጣው ዝርያ ብርድን በመቻሉ ዓለምን ዞረ። በዶሮና በባሮ ሽንኩርት የሚሠራው የስኮትላንድ ሾርባም ከእርሱ ጋር ተቆራኝቷል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን የሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ታሪክ ነው። በኖርዘምበርላንድና በደርሃም የድንጋይ ከሰል ማዕድን ሠራተኞች ከ19ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ በየመጠጥ ቤቱ የባሮ ሽንኩርት ማኅበር እያቋቋሙ ይወዳደሩ ነበር። በዚህ ውድድር የሚቀርበው ዓይነት አንገቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊበልጥ አይፈቀድለትም፤ የሚለካው ውፍረቱና ግዝፈቱ ነው። ሽልማቱ ብዙ ጊዜ ለቤት የሚሆን ዕቃ ስለነበር የድሃ ቤተሰብ ጓሮ ትልቅ ተስፋ ይጣልበት ነበር። የማዳበሪያው አሠራር ምስጢር ነበር፤ ውድድሩ ሲቃረብ ተቀናቃኝ በሌሊት ገብቶ እንዳይቆራርጥባቸው ጓሯቸው ውስጥ ያደሩ ብዙ ናቸው። እነዚህ ሰዎች በዘር ላይም አልተማመኑም፤ ዘር ከእናቱ ይለያልና። በአበባው ራስ ላይ የሚበቅሉትን ትናንሽ ቡቃያዎች እየተከሉ፣ አሸናፊውን ተክል ሳይለወጥ ከዓመት ዓመት አሻገሩት። መሬት ውስጥ ሲቆፍሩ የሚውሉ ሰዎች የደረሱበት ይህ ጥበብ ከየትኛውም ምርምር ጣቢያ ሥራ ጎን መቆም የሚገባው ነው።

የዘር ድርጅቶች በበኩላቸው ለረጅም ጊዜ ተቸግረው ነበር። ባሮ ሽንኩርት 32 ክሮሞሶም አለው፤ እያንዳንዱ ክሮሞሶም አራት ጊዜ የተደገመ ስለሆነ ጠባዩን ማጥራት አስቸጋሪ ነው፤ በራሱ ብናኝ ደጋግሞ ሲራባም ይቀጭጫል። መፍትሔው የተገኘው ብናኝ የማይሰጡ ተክሎችን በመጠቀም ሲሆን፣ ከ20ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ድቅል ዝርያዎች የገበያውን እርሻ ያዙ። ሁሉም እኩል ቁመትና ውፍረት ስላላቸው ለማሽንና ለማሸጊያ ይመቻሉ።

ለቤት ጓሮ ግን ይህ እኩልነት ብዙም አይጠቅም። ቤተሰብ ለሾርባው በሳምንት ሁለት ሦስት ይነቅላል እንጂ መደቡን በአንድ ቀን አያጸዳም፤ ትልቁ ሲነቀል ትንሹ የሚያድግበት የቆየ ዝርያ ይሻለዋል። ምርጫውም ዝርያዎቹን ባወጣቸው ወቅት መሠረት ነው፦ መሬት የሚያረጋ ውርጭ ባለበት አገር የሶሌዝና የመስልብራ ዓይነት፣ ብርዱ በለዘበበት ደግሞ ፈጥነው የሚደርሱት ረጃጅሞቹ። ዘሩ ከሁለት ሦስት ዓመት በላይ በደንብ አይበቅልም። የራሱን ዘር ማቆየት የሚፈልግ የጓሮ አትክልተኛ አንድ ያማረ ተክል ብቻ ሳይሆን በርካታ እናቶች አብረው እንዲያብቡ ማድረግ አለበት፤ ከጥቂት እናቶች የተወሰደ ዘር በጥቂት ትውልድ ይደክማል።