የአርባ ምንጭ የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት

ኢትዮጵያ የራሷን የውኃ መሐንዲሶች ታፈራ ዘንድ በጋሞ ዞን ርእሰ ከተማ በአርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የተመሠረተ ከፍተኛ የትምህርት ተቋም ሲሆን፣ በ1996 ዓ.ም. ወደ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲነት ካደገ ወዲህም የውኃ ትምህርት የዩኒቨርሲቲው ዋና መታወቂያ ሆኖ ኖሯል።

የተተከለበት ሥፍራ ራሱ መምህር ነው። ከጋሞ ደጋ የሚወርዱት ወንዞች የታረሰውን አፈር እየጠረጉ፣ በቆላው የሙዝ እርሻ እያጠጡ፣ ሐሬ ወደ አባያ ሐይቅ፣ ኩልፎም ወደ ጫሞ ሐይቅ ሲፈስሱ የሚመለከት ተማሪ፣ የላይኛው ገበሬ ሥራ ለታችኛው ገበሬና ለዓሣ አጥማጁ በረከትም ጥፋትም መሆኑን ያስተውላል። አባያ ደለል ስለበዛበት ቀላ ያለ ነው፤ ብላቴ ከሰሜን፣ ጊዳቦና ገላና ከምሥራቅ ስለሚገቡበትም የወላይታው፣ የሲዳማውና የጉጂውም ጉዳይ ነው።

የተፋሰስ ምክር ቤቶችንና ባለሥልጣናትን ለማቋቋም አዋጅ ቁጥር 534/1999 ወጥቷል፤ ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ወንዝ አይለካም። የወንዙን ከፍታ ዕለት ዕለት የሚመዘግብ፣ ደለሉን የሚመረምር፣ ከሁሉም በላይ በውኃ የተጣሉትን የሚያስማማ ባለሙያ ያስፈልጋል። ይህን የመጨረሻውን ጥበብ የጋሞ ሽማግሌዎች በዱቡሻ ሸንጎ ከጥንት ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ ሠልጣኙ ከስሌቱ ጋር እርሱንም ቢማር ይገባል።

ከ1991 ዓ.ም. ጀምሮ የዓባይ ተፋሰስ አገሮች በጋራ በሚመክሩበት ጉባኤም በቁጥር የሚከራከር ባለሙያ ያስፈልጋል። ስለዚህ መንግሥትም ክልሎችም የሠለጠነውን ሰው በወንዙ ዳር የሚያቆየውን ደመወዝና መሣሪያ ሊነፍጉት አይገባም።